ከኮንጋ ማሳ እስከ ዓለም አቀፍ ጉባዔ፤ የነባር ማኅበረሰቦች መብት በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ

ኮንጋ በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ ወረዳ ከሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው የዞኑ ዋና ከተማ ዲላ ተነስቶ በሞያሌው መንገድ የሚጓዝ ሰው ወናጎንና ይርጋጨፌን ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ይደርስባታል። የቀበሌዋ ስም በአገር ውስጥ ዜና እምብዛም አይሰማም። በውጭ አገር ግን ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶች በከረጢቶቻቸው ላይ ከይርጋጨፌ ጎን የኮንጋን ስም ጽፈው ለገበያ ያቀርባሉ።

ወደ አካባቢው የሚዘልቅ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያየው ደን ነው። ቀረብ ብሎ ሲመለከት ግን ደን የመሰለው ሁሉ ማሳ መሆኑን ይረዳል። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል። ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ተቀላቅሎ ቡና፣ ከቡናው ግርጌ ደግሞ ጎመን፣ ጎደሬ፣ ቦዬና ለመድኃኒት የሚውሉ ዕፅዋት ይበቅላሉ። የብርብራው ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያዳብራል፤ እንሰቱ በግንዱና በሥሩ ውኃ ይይዛል፤ ዛፎቹ ቡናውን ከፀሐይና ከውርጭ ይከላከላሉ። ቤተሰቡ ከእንሰቱ በአካባቢው ዋሳ የሚባለውን ቆጮ ይመገባል፣ ከቡናው የሚሸጠውን ያገኛል፣ ከዛፉ የቤት ቋሚና ማገዶ ይወስዳል። መሬቱ በበሬ አይታረስም። ተዳፋቱ እጅግ ቁልቁል በመሆኑ ተገልብጦ ቢራቆት አፈሩን ክረምቱ ጠርጎ ይወስደው ነበር። የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚመለመል፣ ያረጀ ቡና እንዴት እንደሚጎነደል፣ ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ በመባል ከሚታወቁት የአካባቢው የቡና ዓይነቶች የትኛው ለየትኛው መሬት እንደሚስማማ የሚያውቀው ገበሬው ራሱ ነው። ዕውቀቱ የተላለፈው በትምህርት ቤት ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ በሥራ ላይ ነው።

ይህ አሠራር የሚደነቀው በውበቱ ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የጌዴኦ ዞን ሕዝብ ብዛት 847 ሺህ 434 ሲሆን፣ የዞኑ የቆዳ ስፋት 1 ሺህ 211 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው። በገጠር ይህን ያህል ሕዝብ በሚኖርበት ምድር ዛፍ ይተርፋል ብሎ የሚገምት ብዙ አይገኝም። በጌዴኦ ግን ዛፉ የቆየው ሰው ስለሌለ ሳይሆን ሰው ስላለ ነው። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑት ተመራማሪ ዶክተር ታደሰ ኪጴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ርዕስም ይህንኑ የሚመለከት ነበር። ጥናቱ የጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ለአምስት ሺህ ዓመታት የዘለቀ ነውን ብሎ በጥያቄ ምልክት ይጀምራል።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ፖሊሲ ግን ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው በሌላ አስተሳሰብ ላይ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 አሜሪካ የሎውስቶንን ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ ከከለለች ወዲህ ተፈጥሮን መጠበቅ ማለት መሬትን አጥሮ ነዋሪውን ማስወጣት ተደርጎ በብዙ አገሮች ተወስዷል። በአገራችንም የዚህ አስተሳሰብ አሻራ ይታያል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጥበቃው ያተኮረው በዋልያ፣ በቀይ ቀበሮና በመልክዓ ምድሩ ላይ ሲሆን፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያርሱና ከብት የሚያሰማሩ ገበሬዎች የታዩት በዋናነት እንደ ሥጋት ነበር። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም አደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ከተደረገ በኋላ በ2009 ዓ.ም ከመዝገቡ ወጥቷል። ለዋልያው መልካም ዜና መሆኑ አያጠራጥርም። ለግጭ ሰዎች የነበረው ትርጉም ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ማሳና ግጦሽ የነበረው ቤተሰብ የከተማ ነዋሪ ሆኗል።

በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ነገሩ የበለጠ አስቸጋሪ ነበር። በ1996 ዓ.ም የፓርኩ አስተዳደር አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ የውጭ ድርጅት እንዲተላለፍ ሲወሰን፣ የኮሬ ብሔረሰብ ተወላጆች ከፓርኩ ወጥተው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ። የጉጂ አርብቶ አደሮች ጉዳይ ግን ሳይቋጭ ቀረ። ድርጅቱም በ2000 ዓ.ም ሥራውን አቋርጦ ወጣ። አጥር ብቻውን ፓርክን እንደማያቆም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

በጎረቤት ኬንያ ተመሳሳይ ክርክር እስከ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ደርሷል። መቀመጫውን አሩሻ ያደረገው ፍርድ ቤት በግንቦት 2009 ዓ.ም በሰጠው ውሳኔ የኦጊየክ ሕዝብ ከማው ደን እንዲወጣ የተደረገበትን ሁኔታ መርምሮ፣ ደኑን ለመጠበቅ ሲባል ነው የሚለውን የመንግሥት መከራከሪያ ሳይቀበለው ቀርቷል።

የአስተሳሰብ ለውጡ በሕግ መልክ መታየት የጀመረው በ1984 ዓ.ም በሪዮ ዴ ጃኔሮ ለፊርማ በቀረበው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 8 ንዑስ አንቀጽ (ጀ) በመባል በተለምዶ የሚጠቀሰው ድንጋጌ አባል አገሮች የነባርና የአካባቢ ማኅበረሰቦችን ዕውቀት፣ ፈጠራና ልማድ እንዲያከብሩና እንዲጠብቁ፣ ዕውቀቱ ሌላ ቦታ በሥራ ላይ ሲውል የባለቤቶቹ ፈቃድና ተሳትፎ እንዲኖርበት፣ ከሚገኘውም ጥቅም በፍትሐዊነት እንዲካፈሉ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ1986 ዓ.ም ነው። ድንጋጌው ‹‹በብሔራዊ ሕግ መሠረት›› የሚል ገደብ ስላለበት ለየመንግሥቱ ሰፊ ነፃነት ይሰጣል፤ የነባር ሕዝቦች ተወካዮችም ይህን ገደብ ደጋግመው ተችተውታል። ተወካዮቹ በ1989 ዓ.ም በቦነስ አይረስ በተካሄደው የአባል አገሮች ጉባዔ ላይ የራሳቸውን ዓለም አቀፍ መድረክ አቋቋሙ። በ1990 ዓ.ም ደግሞ ጉባዔው ይህንኑ ድንጋጌ ብቻ የሚከታተል የሥራ ቡድን አቋቁሟል። በጉባዔዎቹ ውሳኔ የሚያሳልፉት መንግሥታት ብቻ ናቸው። በሥራ ቡድኑ ስብሰባዎች ግን የነባር ሕዝቦች ተወካዮች ከመንግሥታት ተወካዮች ጎን በተባባሪ ሊቀመንበርነት የሚመሩበት አሠራር ተለምዷል። በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባዎች ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ድርድር ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ከፍ ብሎ የሚነሳ ነው። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካ ቡድን ዋና ተደራዳሪ በመሆን፣ ሕያዋን ነገሮች የባለቤትነት ፓተንት ሊሰጥባቸው እንደማይገባና የአካባቢ ማኅበረሰቦች በዘራቸውና በዕውቀታቸው ላይ ያላቸው መብት ከፓተንት የሚቀድም መሆኑን ሲሟገቱ ኖረዋል። በ1992 ዓ.ም የካርታሄና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል እንዲጸድቅ ባደረጉት አስተዋጽኦም በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልመዋል። ዶክተር ተወልደብርሃን በመጋቢት 2015 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በውጭ የተሟገቱለት መብት በአገር ውስጥ ምን ያህል ሥር ሰድዷል የሚለው ግን ዛሬም መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ‹‹ነባር ሕዝቦች›› የሚለው አጠራር የተስፋፋው ከባሕር ማዶ የመጡ ሰፋሪዎች ቀድመው የነበሩትን ሕዝቦች በገፉባቸው በአሜሪካና በአውስትራሊያ ነው። በኢትዮጵያ ማን ነባር ማን መጤ ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል አይደለም፤ ጥያቄው ራሱም ጠብ ሲያስነሳ ታይቷል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥትም የሚጠቀመው ‹‹ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች›› የሚለውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫን በ144 የድጋፍ፣ በ4 የተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ ያጸደቀው መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም ነበር። ቀኑ አገራችን የሦስተኛውን ሚሊኒየም መባቻ ባከበረች ማግሥት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። ኢትዮጵያ በድምፅ አሰጣጡ ላይ አልተገኘችም። የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ነባር ሕዝቦች ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 169ም አላጸደቀችም።

ይህ ማለት ግን በኮንጋ የሚኖር ገበሬ የሕግ ከለላ የለውም ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92ም ሕዝብ የአካባቢ ደኅንነትን በሚመለከት ፖሊሲ ሲወጣና ሲፈጸም ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን ያረጋግጣል። ከሁሉም ይበልጥ ዝርዝር የሆነው በ1998 ዓ.ም የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482 ነው። አዋጁ ‹‹የአካባቢ ማኅበረሰብ›› የሚለው በተለየ መልክዓ ምድራዊ አካባቢ የሚኖርን፣ የአንድ የጄኔቲክ ሀብት ጠባቂ ወይም የአንድ ዕውቀት ፈጣሪ የሆነን ሕዝብ ነው። ማን ቀድሞ መጣ ብሎ ሳይሆን ማን ጠበቀው፣ ማን ፈጠረው ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ትርጉም ከዓለም አቀፉ ቃል ይልቅ ለአገራችን ሁኔታ ይስማማል።

በአዋጁ መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ባለቤት መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ሲሆኑ፣ የዕውቀቱ ባለቤት ግን የሚመለከተው ማኅበረሰብ ነው። ማኅበረሰቡ ዕውቀቱን ማን እንደሚወስድ የመቆጣጠር፣ የራሱን ዘርና ዕውቀት ሳይከለከል የመጠቀም፣ ከጥቅሙም የመካፈል መብት አለው። መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብት ከሚያገኘው የገንዘብ ድርሻ 50 በመቶው ለማኅበረሰቡ እንዲደርስም ተደንግጓል። በ2003 ዓ.ም በጃፓን ናጎያ የጸደቀው ስለ ጄኔቲክ ሀብት ጥቅም መጋራት የሚደነግገው ፕሮቶኮል ከመውጣቱ ከአራት ዓመት በላይ አስቀድሞ የወጣ ሕግ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሕጉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተፈጸመው የጤፍ ውል ግን ወረቀትና ተግባር ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ አሳይቷል። በ1997 ዓ.ም የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የኢትዮጵያን ጤፍ እንዲጠቀምና ጥቅሙን እንዲያካፍል ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ በወቅቱ በዓለም አርአያ ተደርጎ ተወድሷል። በ1999 ዓ.ም ግን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአውሮፓ ፓተንት ተሰጠበት፤ ኩባንያው በ2001 ዓ.ም ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮ ገደማና ተጀምሮ የተቋረጠ አነስተኛ የምርምር ፕሮጀክት ነበር። በ2011 ዓ.ም በሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድስ ዋጋ የሌለው ነው ብሎ የወሰነውም በሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መካከል በተነሳ ክርክር ነው። ጤፍን ለሺህ ዘመናት ያላመደው ገበሬ ውሉ ሲፈረምም ሆነ ክርክሩ ሲሰማ በቦታው አልነበረም።

የቡናው ታሪክ ከጤፉ የሚለየው ቀደም ብሎ በመጀመሩ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1957 ዓ.ም ባሰማራው የአሰባሳቢ ቡድን ከኢትዮጵያ የተወሰደ የቡና ዘር በላቲን አሜሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተተክሎ ቆይቷል። በሰኔ 1996 ዓ.ም የብራዚል ተመራማሪዎች ከዚያው ዘር ከበቀሉ ዛፎች መካከል በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ቡና ማግኘታቸውን ይፋ አድርገዋል። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የተወሰደ ዘር በመሆኑ ስለ ጥቅም ክፍፍሉ ለመጠየቅ የሚያስችለው የሕግ በር ጠባብ ነው። ዛሬ ደግሞ ዘሩን እንኳ መውሰድ አያስፈልግም። የአረቢካ ቡና የዘር ቅደም ተከተል ተነቦ በኮምፒውተር ቋት ተቀምጧል፤ ተመራማሪው ኮንጋን ሳይረግጥ ሊጠቀምበት ይችላል።

የይርጋጨፌ ቡና በሌላ በኩል ጥሩ የሚባል ትግል ተደርጎለታል። መንግሥት በመጋቢት 1997 ዓ.ም ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ በሰኔ 1999 ዓ.ም ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። በ1994 ዓ.ም የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንም የኮንጋን ማኅበር ጨምሮ የአባላቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። ሆኖም የንግድ ምልክቱ ባለቤት መንግሥት ነው። ምልክቱ የሚጠብቀው ስሙን ነው እንጂ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን፣ ቡናን ከእንሰትና ከዋንዛ ጋር አዋህዶ የማልማት ዕውቀት አይደለም።

ለጌዴኦ ሕዝብ የመብት ጥያቄ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም ገበሬዎች ባለርስቶች ከቡና ምርታቸው ይጠይቁት የነበረውን ድርሻ ተቃውመው በሚችሌ ተነስተው ብዙዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። መሬቱ በአዋጅ ወደ ገበሬው የተመለሰው ከ15 ዓመት በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ማሳውን ያልተለየው የሕዝቡ የራሱ አስተዳደር ነበር። ባሌ በመባል የሚታወቀው በአባ ገዳ የሚመራው ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ያሸጋግራል። ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው የጉባዔ ሥፍራ ተቀምጠው የድንበር፣ የዛፍና የውኃ ጠብ ይዳኛሉ። ጥብቅ ደኖች የአምልኮና የምስጋና ሥፍራ በመሆናቸው ከእነርሱ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። በተራራ አናት ላይ በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ የቆሙት ጥንታዊ ትክል ድንጋዮችም የሚጠበቁት በዚሁ የሽማግሌዎች ሥልጣን ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም መጀመሪያ በሪያድ በተካሄደው ጉባዔ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ማሳው፣ ጥብቅ ደኑ፣ ትክል ድንጋዩና ይህ አስተዳደር በአንድነት ታይተው ነው። ከሰሜን ተራሮች ምዝገባ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጉልህ ነው። በአንዱ ሰው እንደ ሥጋት ሲታይ፣ በሌላው ሰው ከሌለ ቅርሱም የለም። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የአሠራር መመሪያም በ2011 ዓ.ም ከተሻሻለ ወዲህ የነባር ሕዝቦች ይዞታ ለምዝገባ ሲቀርብ ነፃ፣ ቅድሚያና በቂ መረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃዳቸው መገኘቱን ማሳየት ግዴታ ሆኗል።

ከዚህ ምዝገባ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም፣ በሞንትሪያል የጸደቀው የኩንሚንግ ሞንትሪያል የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2030 ከዓለም የየብስና የባሕር ክፍል 30 በመቶው እንዲጠበቅ ግብ ጥሏል። ብዙ ነባር ሕዝቦች ይህን ቁጥር የሰሙት በጥርጣሬ ነው። 30 በመቶውን ለመሙላት የሚቸኩል መንግሥት የእነርሱን መሬት ሊያጥር ይችላልና። ማዕቀፉም ለዚህ ሥጋት መልስ የሚሆኑ ሐረጎችን ይዟል፤ ግብ 3 የነባር ሕዝቦችና የአካባቢ ማኅበረሰቦች መብት በይዞታቸው ላይ ጭምር እንዲከበር፣ ግብ 21 ዕውቀታቸው በፈቃዳቸው ብቻ እንዲወሰድ፣ ግብ 22 በውሳኔ ውስጥ ሙሉ ተሳትፎ እንዲኖራቸው ይላሉ። ከፓርክ ውጭ ሆኖ በነዋሪው አያያዝ ብዝኃ ሕይወት የሚጠበቅበት መሬትም ከ30 በመቶው ሊቆጠር እንደሚችል ስለተፈቀደ፣ እንደ ጌዴኦ ያለ ማሳ ሳይታጠር ሊቆጠር ይችላል።

በነገራችን ላይ በየጉባዔው ‹‹ከዓለም ብዝኃ ሕይወት 80 በመቶው የሚገኘው በነባር ሕዝቦች እጅ ነው›› የሚል አኃዝ ሲደጋገም ይሰማል። ኔቸር በተባለው መጽሔት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 የወጣ የተመራማሪዎች ጽሑፍ አኃዙ መሠረት እንደሌለው አስረድቷል፤ ከጸሐፊዎቹ መካከልም ነባር ሕዝቦች ይገኙበታል። ኮንጋን ላየ ሰው ነገሩ ማጋነን አያስፈልገውም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም በኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ የተካሄደው ጉባዔ የሥራ ቡድኑን ወደ ቋሚ ንዑስ አካልነት አሳድጎታል። የካሊ ፈንድ በሚል ስያሜ በየካቲት 2017 ዓ.ም ሮም ላይ ሥራ የጀመረው ቋትም ከኮምፒውተር የዘር መረጃ የሚጠቀሙ የመድኃኒት፣ የመዋቢያና የዘር ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠይቃል። መዋጮው በኩባንያዎቹ መልካም ፈቃድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ በጊዜ ሂደት የሚታይ ይሆናል። ከቋቱ ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲውል ተወስኗል፤ በመንግሥት በኩል ወይም ማኅበረሰቦቹ ራሳቸው በሚመርጡት ተቋም በኩል።

ጊዜው ደግሞ የሚጠብቅ አይደለም። በጌዴኦ የአብዛኛው ቤተሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ሆኗል። የቡና ዋጋ በወረደ ቁጥር ጫት በቡናው፣ ባሕር ዛፍ በአገር በቀሉ ዛፍ ቦታ ሲገባ ይታያል። የጥብቅ ደኖች ስፋት እየጠበበ ነው፤ ነባሩ እምነት ተከታዮቹ ሲቀንሱ ደኑን የሚጠብቀው ነውርም ይሳሳል። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ማሳውን የሚያውቀው ሰው በመጠለያ በከረመበት ወቅት ማሳው ጠባቂ አልነበረውም።

እንግዲህ ከካሊም ይሁን ከአዋጅ ቁጥር 482 የሚመጣ ድርሻ ቢኖር በኮንጋ የሚቀበለው ማን ነው? የቡና ገበሬዎቹ ማኅበር ሒሳብ የሚይዝ፣ ኦዲት የሚደረግ፣ ውል የሚፈርም ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ ስለ ጥብቅ ደኑ ግን ሥልጣን የለውም። ሶንጎው ስለ ደኑ ሥልጣን አለው፤ የባንክ ሒሳብ ግን የለውም። የእንሰትን ዕውቀት ብንወስድ ደግሞ ጌዴኦ ብቻውን አይደለም፤ ሲዳማውም፣ ጉጂውም፣ ጉራጌውም፣ ወላይታውም ባለቤት ነኝ ቢል ትክክል ነው። አዋጁ ‹‹የተለየ መልክዓ ምድራዊ አካባቢ›› ሲል ድንበሩ ቀበሌው ነው፣ ዞኑ ነው ወይስ እንሰት የሚበቅልበት ደጋ ሁሉ? ጥያቄው በባለሙያ ብቻ የሚፈታ አይመስልም። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የጋራ ሥርዓት አላቸው። የሁለቱ ሕዝቦች አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ከዚህ ቀደም በእርሱ ተቀምጠው ከግጦሽና ከድንበር የከበደ ነገር ፈትተዋል።